ዳኝነት፣ ጥብቅናና ሕግ ማውጣት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የሥራ ታሪክ

መግቢያ

ሕግ በሦስት ስፍራ ይሠራበታል። አንደኛው ተረቅቆ የሚጸድቅበት ሸንጎ ነው፤ ሁለተኛው ጠበቃ ቆሞ የሚሟገትበት ክርክር ነው፤ ሦስተኛው ዳኛ ተቀምጦ የሚፈርድበት ወንበር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የሕግ ሰው ዕድሜውን ከሦስቱ በአንደኛው ያሳልፋል፤ የቀሩትን ሁለቱን የሚያውቃቸው በሩቁ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪው «ሕጉ መልካም ነበር፤ ዳኞች አበላሹት» ይላል፤ ዳኛው «በተጻፈው ፈረድሁ፤ ጥፋቱ የሕጉ ነው» ይላል፤ ጠበቃው ደግሞ ሁለቱንም ይወቅሳል። ባለጉዳዩ ግን ጥፋቱ የማንም ቢሆን ለእርሱ ያው ነው።

ይህ ጽሑፍ በሦስቱም ስፍራ የሠሩትን የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የሥራ ታሪክ በአጭሩ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ዓላማው ሰውን ለማመስገን አይደለም። አንድ ሕግ በወረቀት ላይ ከመጻፉ እስከ ተበዳዩ እጅ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ፣ በየትኛውስ ስፍራ እንደሚሰናከል በአንድ ሰው ሥራ ለማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገረውን ግን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።

1. ስለ ሦስቱ ስፍራዎች አንዳንድ ነገር

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት እነዚህ ሦስት ስፍራዎች ብዙም የተለዩ አልነበሩም። አገረ ገዢው ዳኛም ነበረ፤ የዳኝነቱ ጫፍ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ በስማቸው የሚፈርደው አፈ ንጉሡ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ሕዝቡም ቢሆን የዳኝነት ፍቅሩ ታላቅ እንደ ነበረ ይታወቃል። ሁለት ሰዎች ተጣልተው «በሕግ አምላክ!» ከተባለ መንገደኛ ቆሞ ያያቸው ነበር፤ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረውም ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም ተረት የዚያው ስሜት ምስክር ነው።

በሌላው ዓለም ስፍራዎቹ ቢለያዩም ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩ ሰዎች ነበሩ። ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዘመን ሰዎች ጆን ማርሻል የታወቀ ምሳሌ ነው። በቨርጂኒያ ጠበቃ ነበረ፤ በዚያው ክፍለ ሀገር ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1788 የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ በተሰበሰበው የቨርጂኒያ ጉባኤ ተከራከረ፤ በኋላም የኮንግሬስ አባል ሆነ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1801 እስከ 1835 ድረስ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊቀ ዳኛ ነበረ። በ1803 በሰጠው ዝነኛ ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የሚቃረን ሕግ እንዳይሠራበት የማድረግ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው አለ። ይህን ሰው ያነሣሁት ወደ ኋላ ለማነጻጸር ስለሚረዳን ነው።

2. የዳኝነቱ ወንበር

ወይዘሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ተወለዱ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተውም በዚያው በ1956 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው በተራቸው በዚያው ፋኩልቲ፣ በኋላ በተጠራበት ስም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕግ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1986 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 ድረስ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የወንጀል ዳኛ ሆነው ሠሩ። ወደ ወንበሩ ሲወጡ ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት እምብዛም አያልፍም ነበር። በመካከሉም መንግሥት ተለወጠ፤ ሕጉ ግን በአብዛኛው ያው ነበር።

ያ ሕግ ምን ይል እንደ ነበር ማወቅ ለቀረው ታሪክ መሠረት ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የፈረንሳዩ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቋቸው ነበሩ። ሁለቱም በዘመናቸው ታላቅ ሥራዎች ነበሩ። ነገር ግን በሴቶች ነገር የሚከተሉትን ድንጋጌዎች እናገኝባቸዋለን፤

ሀ) ሴትን የጠለፈ ሰው ቅጣቱ ቢበዛ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር፤ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊውን ብታገባና ጋብቻው የጸና ቢሆን ክሱ ይቀር ነበር።

ለ) አስገድዶ የደፈረም ሰው እንዲሁ የደፈራትን ቢያገባ ከክስ ይድን ነበር።

ሐ) ለጋብቻ የተፈቀደው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበረ።

መ) ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነበረ፤ ሚስቲቱም በሕግ ባልተከለከለው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይገባት ነበር።

እዚህ ላይ «በፈቃዷ» የሚለውን ቃል እናስተውል። አርቃቂው ቃሉን ያስገባው ለጥንቃቄ ይሆናል። ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ ተጠልፋ፣ ክብሯ ተነክቶ፣ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ፣ ወላጆቿም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ብለው ሲያለቅሱ የምትሰጠው ቃል ምን ዓይነት ፈቃድ እንደ ሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ሕጉ ለጠላፊው የመሸሻ በር ከፍቶ ነበር፤ የበሩ ቁልፍም የተበደለችው ልጅ ራሷ ነበረች።

ዳኛ በዚህ ረገድ ሥልጣኑ የተወሰነ ነው። ያልቀረበለትን ጉዳይ አያይም፤ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ተበዳይ አይፈልግም፤ ሕጉ ቅጣቱ ቢበዛ 3 ዓመት ነው ካለ አራተኛውን አይጨምርም። ስለ ሆነም ጠለፋን ለማስቀረት የፈለገ ሰው ከወንበሩ ውጭ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሕጉን ማስለወጥ፣ ሁለተኛው ጉዳዩ ወደ ዳኛ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ የሠሩት ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ይጠቃለላል።

3. የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ

እ.ኤ.አ. በ1993 ወይዘሮ መዓዛ ለሕገ መንግሥት ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። በምክር ቤት ተመርጠው አልተቀመጡም፤ ነገር ግን ከሕጎች ሁሉ በላይ የሚሆነው ሕግ በሚረቀቅበት ስፍራ ነበሩ። ረቂቁ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ጉባኤ ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ከያዝነው ነገር ጋራ የሚገናኙት በተለይ ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ መንግሥት ከጎጂ ባህል ተጽዕኖ እንዲጠብቃቸው ያዛል።

እንግዲህ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ አገራችን በአንድ ጊዜ ሁለት ቃል ትናገር ነበር ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ «እኩል ናቸው» ሲል የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ትታዘዘው» ይላል፤ ሕገ መንግሥቱ «ነጻና ሙሉ ፈቃድ» ሲል የወንጀለኛ መቅጫው ለጠላፊ በር ይከፍታል። ታላቁ ሕግ ታናሾቹን ሕጎች በራሱ ጊዜ አይሽራቸውም፤ እየጠቀሰ የሚሟገት ሰው ያስፈልገዋል።

4. ጥብቅናውና የአርሲዋ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ። ወይዘሮ መዓዛ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ፤ በዋና ሥራ አስኪያጅነትም እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ድረስ መሩት። የማኅበሩ ሥራ በሦስት የተከፈለ ነበር፤ ገንዘብ ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና መቆም፣ ሕዝቡን ስለ መብት ማስተማር፣ ሕጎችን እያጠኑ እንዲሻሻሉ መጠየቅ ናቸው። ሦስቱ የተያያዙ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ባለጉዳይ ስትመጣ የሕጉ ጉድለት የት እንዳለ ይታወቃል፤ ያ ጉድለት ለጥናት ነገር ይሆናል፤ ጥናቱም ወደ ምክር ቤት ይሄዳል።

ከጉዳዮቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የሆነው ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ሊያገባት የፈለገው ሰው ዘግቶባት ደፈራት። ልጅቱ ጠመንጃ አንሥታ አመለጠች፤ ሲከታተሏት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። ከዚያም ተይዛ በነፍስ ግዳይ ተከሰሰች። የልጅቱን ስም እዚህ አላነሣም፤ የደረሰባት በቂ ነው።

ነገሩን በአገሩ ልማድ ዓይን ላየው ሰው ገዳይዋ ልጅ፣ ሟቹም «ሚስቱን» የወሰደ ሰው ነበረ። ጠለፋ በአካባቢው የጋብቻ መንገድ ሆኖ የቆየ ስለ ነበረ ሟቹ ከጎረቤቶቹ የተለየ ያደረገው ነገር የለም ይባል ነበር። በሕግ ዓይን ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይኸውም ልጅቱ በተኮሰች ጊዜ ከሕገ ወጥ ጥቃት ራሷን ትከላከል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ሕጋዊ መከላከል በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የታወቀ መከራከሪያ ነበረ። ሕጉ አልጎደለም፤ የጎደለው ሕጉን ስለ አንዲት የገበሬ ልጅ ብሎ ችሎት ፊት የሚያነሣው ሰው ነበረ። ማኅበሩ ጠበቃ አቁሞ ተከራከረላት፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ከፈጀ በኋላም ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታት።

ይህ ፍርድ ከልጅቱ ነጻነት ሌላ ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ ጠለፋ የጋብቻ ልማድ መባሉ ቀርቶ ጥቃት መሆኑ በችሎት ተነገረ፤ ጥቃት ከሆነም መከላከል ይቻላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ነገሩ ተነጋገረ። ከብዙ ዓመታት በኋላም በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር በዓላት ታይቶ ተሸለመ። ቃሉ በአማርኛችን ጀግንነትንም መደፈርንም ስለሚያመለክት ርእሱ ሁለቱን በአንድነት ይዟል።

የጥብቅናው መንገድ ግን የተደላደለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን ለጥቂት ሳምንታት ከሥራ አግዶት ነበር፤ በኋላ እገዳው ተነሣ። ወይዘሮ መዓዛ ከማኅበሩ ከሄዱም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በሴቶች እኩልነት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ። በዚህ የተነሣ የማኅበሩ ሥራ እጅግ ጠበበ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ 10 ዓመት ያህል ቆየ። ሕግ ለተበዳይ መጠጊያ እንደሚሆን ሁሉ ለመጠጊያው አጥር ሊሆንም እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

5. የሕጎቹ መለወጥ

ማኅበሩ ከሌሎች ጋራ ሆኖ ለዓመታት የጠየቀው የቤተ ሰብ ሕግ ማሻሻያ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። በዚህ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ ባልና ሚስት ቤተ ሰባቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ተደነገገ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተሰጥቶ የነበረው የፍቺ ውሳኔም ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። አዋጁ የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑት ከተሞች፣ ማለት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበረ፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው።

ቀጥሎም በ1996 ዓ.ም. ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የድሮውን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ብሎ ሴትን የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። የቀድሞው ከፍተኛ ቅጣት የአዲሱ ዝቅተኛ ቅጣት ሆነ።

ከአርሲው ጉዳይ እስከዚህ ሕግ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ይቆጠራል። ብዙ ሰዎች የደከሙበት ነገር ስለ ሆነ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። ሆኖም የድካሙ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ቃል፣ ከዚያ ለአንዲት ልጅ የተደረገ ሙግት፣ ከዚያ ለሁሉም የሚሆን ሕግ።

6. ወደ ወንበሩ መመለስ

ወይዘሮ መዓዛ እ.ኤ.አ. በ2003 የአፍሪካ የአመራር ሽልማት ተሸለሙ፤ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በሴቶች መብት አማካሪነት ሠሩ፤ በሴቶች መሥራችነት የተቋቋመውን የእናት ባንክን ቦርድም በሰብሳቢነት መሩ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው። በዚህ ሥልጣን ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

በዚህ ዘመን ከሠሩት ዋነኛው ፍርድ ቤቶችን የሚመለከቱ ሕጎች መሻሻል ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተተካ። ስለ ዳኞች አስተዳደርም አዋጅ ቁጥር 1233/2013 ወጣ። በአዲሱ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ተከራካሪዎች ወደ ክርክር ሳይገቡ በፍርድ ቤቱ አስማሚነት የሚስማሙበት ሥርዓት ተካትቷል። ይህ ለእኛ አገር ባዕድ ነገር አይደለም፤ የሽማግሌን ሥራ በሕግ ጥላ ሥር ማስገባት ነው።

ከዚህም በላይ ለሕግ ተማሪ የሚያስተምረው የ2012 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲቀር የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ካለቀ በኋላ ማን ያስተዳድራል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተላከ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የዚህ ጉባኤ ሰብሳቢ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ስለ ሆኑ ወይዘሮ መዓዛ ጉባኤውን መሩ። ጉባኤውም የሕግ ሊቃውንትን በአደባባይ አስቀርቦ አነጋገረ፤ ክርክሩም በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ። ያን ጊዜ ውጤቱን የደገፉም የነቀፉም ነበሩ። ነገር ግን ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም እንዲህ ሕዝብ እያየ መነጋገር በአገራችን የተለመደ አልነበረም።

የጆን ማርሻልን ነገር ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ማርሻል ሲጸድቅ የተከራከረበትን ሕገ መንግሥት በኋላ በወንበር ሆኖ ተረጎመው፤ የመጨረሻውም ቃል የእርሱ ፍርድ ቤት ሆነ። ወይዘሮ መዓዛ ግን ሲረቀቅ ያማከሩበትን ሕገ መንግሥት በሚመለከት ጉባኤያቸው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነበረ። የመጨረሻው ቃል በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱም ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የውሳኔ ሐሳቡን ተቀብሎ አጸደቀ። የሁለቱ አገሮች መንገድ በዚህ ይለያያል። ሕገ መንግሥትን ዳኛ ይተርጉመው ወይስ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚለው ክርክር ወደ ፊትም የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።

ወይዘሮ መዓዛ አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. ከሥልጣናቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ማርሻል በወንበሩ 34 ዓመት መቆየቱን ስናስታውስ የፍርድ ቤትን ልማድ ለማጽናት አራት ዓመት አጭር መሆኑ ይታየናል። ሕግ በአንድ ቀን ድምፅ ይለወጣል፤ የችሎት ልማድ ግን የሚለወጠው ዳኛው፣ ሬጅስትራሩና ፖሊሱ በየቀኑ በሚሠሩት ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ከኮሌጃችን እምብዛም በማይርቀው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቦሌ ምድብ ችሎት ደጃፍ ጠዋት የቆመ ሰው ፋይል በክንዳቸው ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶችን ያያል። አንዳንዷ ከገርጂ፣ አንዳንዷ ከሃያ ሁለት የመጣች ናት፤ ጥያቄያቸው ፍቺ፣ የልጅ ቀለብ ወይም የንብረት ክፍፍል ይሆናል። ከእነርሱ ስለ አርሲዋ ልጅ የሰማች ምናልባት ጥቂት ናት። ነገር ግን የፍቺ ጥያቄዋን ለዳኛ ማቅረብ መቻሏ ራሱ በ1992 ዓ.ም. የተለወጠ ነገር ነው።

በወንጌል ወደ ዐመፀኛው ዳኛ እየተመላለሰች «ፍረድልኝ» ያለችውን መበለት ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ያች ሴት የፈለገችውን ያገኘችው ሳትሰለች ስለ ተመላለሰች ነው። ሆኖም ተበዳይ ሁሉ ይህን ያህል ጉልበት የለውም፤ ደጃፉን የማታውቀውም ብዙ ናት። ከዚህ የሥራ ታሪክ የምናገኘው ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል፤ መልካም ሕግና ቅን ዳኛ ቢኖሩም እንኳ ተበዳይዋን ይዞ ወደ ችሎቱ የሚሄድ ሰው ከሌለ ሁለቱም አይገናኙም። የአርሲዋ ልጅ በታሰረች ጊዜ የሚያድናት ሕግ ከተጻፈ 39 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከእኛ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሦስቱ ስፍራዎች በአንደኛው እንቆማለን። በየትኛውም ብንቆም የቀሩትን ሁለቱን ማወቅ ይገባናል፤ የሚያረቅቅ ሰው ችሎት ገብቶ ይስማ፤ የሚፈርድ ሰው ያልመጣችውን ባለጉዳይ ያስብ፤ የሚሟገትም ሰው ያሸነፈው ጉዳይ ለሌላው ሁሉ ሕግ እንዲሆን ይድከም።